የቤት ውሻ ጠባይና አያያዝ በወረርሽኙ ወቅት

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሚገኘው ውሻ ዝርያው የተደባለቀ በመሆኑ ጠባዩን ከመልኩ ብቻ መገመት አይቻልም፤ አስተዳደጉና አያያዙ ይበልጥ ይወስኑታል። በኮቪድ-19 ምክንያት ቤተሰቡ ቤት ሲውል የውሻው የዕለት ልማድም ይለወጣል። ልጆች ቀኑን ሙሉ ሲነካኩት ዕረፍት ያጣ ውሻ፣ ገራም እንኳ ቢሆን፣ ሊያጉረመርም ወይም ሊናከስ ይችላል። ስለዚህ ጸጥ ያለ ማረፊያ ሊኖረው፣ ሕፃናትም ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት ሊደረግ ይገባል።

ውሻ ቫይረሱ ከታመመ ሰው ሊተላለፍበት ቢችልም በሽታው በዋናነት የሚሰራጨው ከሰው ወደ ሰው ነው። በመሆኑም ውሻን በፍርሃት ከቤት ማባረር ተገቢ አይደለም። በቫይረሱ የተያዘ ሰው ካለ ውሻውን ሌላ የቤተሰብ አባል ይንከባከበው። ገላውን በአልኮል፣ በሳኒታይዘር ወይም በበረኪና ማጽዳት ይጎዳዋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም በወረርሽኙ ሳቢያ ሊቋረጥ አይገባም፤ ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ ለሞት ይዳርጋል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ማስክ አድርጎ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ኮቪድን ፈርቶ ከሕክምና መቅረት ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።