ተጨማሪ መረጃ፦ ከአውሎ ነፋስ የተረፉት እንሽላሊቶች
ተፈጥሯዊ ምርጫ ሥራውን የሚሠራው በሺህ ዓመታት ብቻ ይመስለናል፤ የሥነ ሕይወት ተመራማሪው የኮሊን ዶኒሁ ጥናት ግን አንድ የአውሎ ነፋስ ወቅትም እንደሚበቃው ያሳያል። ዶኒሁና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 በካሪቢያን አካባቢ፣ በቱርክስና ካይኮስ ሁለት ትንንሽ ደሴቶች ላይ አኖሊስ የተባሉ እንሽላሊቶችን ለክተው ብዙም ሳይቆይ ኢርማና ማሪያ የተሰኙት ሀሪኬኖች ደሴቶቹን መቱ። ተመልሰው ሲለኩ የተረፉት በአማካይ ሰፋ ያለ የጣት ንጣፍ፣ ረዘም ያለ የፊት እግርና አጠር ያለ የኋላ ጭን ነበራቸው። ሰፊ ንጣፍ ግንድ ለመያዝ እንደሚበጅ ግልጽ ነው፤ የጭን ማጠርስ? ይህን ለማወቅ እንሽላሊቶቹን እንጨት ላይ አስቀምጠው ቅጠል በሚጠርግ የአየር ማሽን ነፋስ ለቀቁባቸው። እንስሳው በፊት እግሮቹ ሙጭጭ ሲል ወደ ውጭ የወጣው የኋላ ጭኑ እንደ ጀልባ ሸራ ነፋስ ይሰበስባል፤ የኋላ እግሮቹ ቀድመው ይለቁና ገላው አየር ላይ ይውለበለባል። (ከሥር መረብ ስለነበር አንዱም አልተጎዳም።)

ልዩነቱ የአጋጣሚ ነው የሚል ይኖራል። ሆኖም ሁለቱም ደሴቶች ላይ ለውጡ በአንድ አቅጣጫ ነው የሄደው። በ2020 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ 188 የአኖሊስ ዝርያዎችን አነጻጽሮ፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት 70 ዓመታት ሀሪኬን በበዛባቸው አካባቢዎች የሚኖሩት ሰፋፊ የጣት ንጣፍ እንዳላቸው አረጋግጧል።