ከሶፋው እስከ ግድግዳው

ባለ 21 ኢንቹ ቴሌቪዥን ሳሎን የነገሠበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ዳንቴሉን አይረሳም። ቴሌቪዥኑ ቡፌው መካከል ተጎልቶ፣ ከላዩ ነጭ ዳንቴል ለብሶ፣ ዳንቴሉ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበት ይውላል። ማታ የዜና ሰዓት ሲደርስ ዳንቴሉ እንደ መጋረጃ ይገለጣል። ስንት ኢንች ይሁን ብሎ የተጨነቀ አልነበረም። የተገኘው ይገዛል፣ ቡፌው ይችለዋል፣ የጎረቤት ልጅም በር ላይ ቆሞ ያየዋል።

ዛሬ ሱቅ ሲገቡ ከ32 እስከ 85 ኢንች ድረስ ግድግዳ ሙሉ ተደርድሮ ይጠብቅዎታል፤ የሻጩም የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ኢንች ይሁንልዎ?» ነው። አብዛኞቻችን ለዚህ ጥያቄ መልሱን ኪሳችን ውስጥ እንፈልጋለን። እኔ ግን መልሱ ያለው ቤት፣ ሁልጊዜ የምንቀመጥበት ሶፋ ላይ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት አንድ ሜትር ይዞ ሳሎን ውስጥ መንጎራደድ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ኢንቹ ራሱ። የሚለካው በወርዱም በቁመቱም አይደለም፤ ከአንዱ የታች ጥግ በሰያፍ እስከ ተቃራኒው የላይ ጥግ ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 55 ኢንች ማለት በሰያፍ 140 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ግድግዳዎ ላይ የሚይዘው ቦታ ግን ሌላ ነው፦ ወርዱ 122፣ ቁመቱ 68 ተኩል ሴንቲ ሜትር። ባለ 43ቱ ወርድ 95፣ ባለ 65ቱ 144፣ ባለ 75ቱ ደግሞ 166 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠርዙን ሲጨምሩበት ትንሽ ይሰፋል።

አንድ ዘመዴ ይህን ሳይለካ ለትንሣኤ በዓል 75 ኢንች ገዝቶ መጣ። ቡፌው መካከል ያለው ክፍት ቦታ 140 ሴንቲ ሜትር ነበር። በዓሉን ያሳለፍነው ቴሌቪዥኑን ወለል ላይ ግድግዳ አስደግፈን ነው፤ ከበዓሉ በኋላ ቡፌው ወደ እህቱ ቤት ተጓዘ። እግሩንም መለካት አይዘንጉ። የዛሬዎቹ ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ እንደ ድሮው መካከል ላይ አንድ መቆሚያ የላቸውም፤ ሁለት ቀጫጭን እግሮቻቸው ወደ ዳርና ዳር የተራራቁ ናቸው። ጠባብ ጠረጴዛ ላይ አንደኛው እግር አየር ላይ ይቀራል።

የድሮው ቴሌቪዥን ቅርጽ 4 በ3 ነበር። ስለዚህ ባለ 21 ኢንቹ 32 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ነበረው። የዛሬው ቅርጽ 16 በ9፣ ማለትም ሰፊና አጭር ስለሆነ፣ ያንኑ ቁመት የሚያገኙት 26 ኢንች ላይ ነው። የድሮውን 21 አስወግዶ ባለ 24 ጠፍጣፋ የገዛና «አነሰብኝ» ያለ ሰው ዐይኑ አልዋሸውም።

አሁን ወደ ርቀቱ። አንድ ቀላል ስሌት አለኝ። ከሚቀመጡበት ሶፋ፣ ከዐይንዎ እስከ ቴሌቪዥኑ መስታወት ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ይለኩና ለአራት ያካፍሉ። የሚያገኙት ቁጥር ፊልምና ኳስ ለሚወድ ሰው የሚሆነው ኢንች ነው። ለስድስት ሲያካፍሉት ደግሞ ዜናና ድራማ አይቶ ለሚተኛ ቤት የሚበቃውን ያገኛሉ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሦስት ሜትር ተኩል የሆነ የኮንዶሚኒየም ሳሎን እናስብ። ሶፋው ግድግዳ ቢጠጋም ጭንቅላታችን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ቴሌቪዥንም ከበስተኋላው ካለው ግድግዳ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይመጣል። የቀረው 265 ነው። ለአራት ሲካፈል 66፣ ለስድስት ሲካፈል 44። ለእንዲህ ዓይነቱ ሳሎን 43 ኢንች አያሳፍርም፣ 65ም አያስወቅስም፤ እኔ ብሆን 55 እገዛለሁ። ከ55 ወደ 65 መውጣት ዐሥር ኢንች ብቻ ቢመስልም የሥዕሉን ስፋት በ40 በመቶ ያሳድገዋል፤ ዋጋውም አብሮ ይጨምራል።

ከዚህ ስሌት ጋር የሚጋጨው «ፎር ኬ» የሚለው ቃል ነው። ፎር ኬ ማለት መስታወቱ ላይ 3840 በ2160 ነጥቦች መኖራቸው ነው፤ ሙሉ ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ነው። ጥያቄው ዐይናችን ልዩነቱን ያያል ወይ ነው። ጤናማ ዐይን በ55 ኢንች ሙሉ ኤችዲ ላይ አንዱን ነጥብ ከሌላው ለይቶ የሚያየው ከሁለት ሜትር ከሃያ ሳንቲም ያህል ወዲህ ሲሆን ብቻ ነው። በ43 ኢንች ደግሞ አንድ ሜትር ከሰባ ድረስ መቅረብ አለበት። ከዚያ ርቆ ለተቀመጠ ሰው ፎር ኬው ሣጥኑ ላይ የተጻፈ ማዕረግ ብቻ ነው። ከሪሲቨሩ የሚመጣው የአገር ውስጥ ጣቢያ ሥዕልም በአብዛኛው ቢበዛ ኤችዲ ነው። በእርግጥ ዛሬ 55 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ ማለት ይቻላል ፎር ኬ ሆኖ ስለሚመጣ መሸሽም አይቻል። በ43 ኢንች ግን ለእሱ ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ከንቱ ይመስለኛል።

ይልቅ ሻጮች የማያነሡት፣ ለእኛ ቤት ግን ዋናው የሆነ ነገር አለ። ከውጭ የሚመጡ የአመራረጥ ምክሮች ሁሉ አንድ ሶፋ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሁለት ሰዎች ቀጥ ብለው ሲያዩ ያስባሉ። የእኛ ሳሎን እንዲህ አይደለም። የእኛ ሶፋ ሦስት ግድግዳ ተከትሎ ዙሪያውን የተደረደረ ነው፤ ምክንያቱም ሳሎኑ የተሠራው ለእንግዳ ነው። ሰው ከሰው ፊት ለፊት ይተያያል፣ ቡና መካከል ላይ ይፈላል፣ ቴሌቪዥኑ በአንድ በኩል ሆኖ ያዳምጣል። ስለዚህ ከስምንት ተቀማጭ አምስቱ የሚያዩት ከጎን ነው።

ከጎን ማየት ላይ ደግሞ ቴሌቪዥን ከቴሌቪዥን ይለያል። ቪኤ የሚባለው የመስታወት ዓይነት ፊት ለፊት ሲታይ ጥቁሩ ጥልቅ፣ ሥዕሉ ደማቅ ነው፤ ከጎን ሲያዩት ግን ቀለሙ ይነጣል፣ የሰው ፊት አመድ የነካው ይመስላል። አይፒኤስ የሚባለው ጥቁሩ ወደ ግራጫ የሚያደላ ቢሆንም ከጎን ብዙም አይለወጥም። ለእኛ የዙሪያ ሶፋ ሁለተኛው ይሻላል። ሻጩ የትኛው የትኛው እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ መላው ቀላል ነው። ሱቁ ውስጥ ወደ ጎን ሦስት አራት እርምጃ ይሂዱና የሰው ፊት የሚታይበትን ሥዕል ይመልከቱ። ከጎን ከጠሉት፣ አክስትዎም በበዓል ቀን ይጠሉታል።

ኦኤልኢዲ ከየትኛውም ጎን ቢታይ ውብ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ስለሚበራ ጥቁሩም የእውነት ጥቁር ነው። ዋጋው ግን ከበድ ይላል፤ ሌላም ነገር አለበት። ከማለዳ እስከ ማታ አንድ ጣቢያ ተከፍቶ በሚውልበት ቤት፣ ጥግ ላይ ያለችው የጣቢያው ዓርማ ከጊዜ ብዛት መስታወቱ ላይ ታትማ ልትቀር ትችላለች። ኪውኤልኢዲ የሚባለው ደግሞ በስም ብቻ ይቀራረባል እንጂ ዘመዱ አይደለም። እሱ ከኋላ መብራት የሚበራለት፣ ቀለሙ የተሻሻለ የተለመደው ዓይነት ነው። አንዲት ፊደል የምታሳስተው ብዙ ገዢ አለ።

ቀጥሎ የት ይሰቀል? እዚህ ላይ ምግብ ቤቶች አበላሽተውናል። ምግብ ቤት ቴሌቪዥኑን ጣሪያ ሥር የሚሰቅለው የቆመ ሰውና አስተናጋጅ እንዳይጋርደው ነው። ቤት ውስጥ ያንን ስንኮርጅ አንገታችን ይቀጣል። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዐይን ከወለል አንድ ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የቴሌቪዥኑ መካከል እዚያ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለ55 ኢንች የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ዝቅ ያለ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ከመቅደድና ከመብሳት በፊት ጋዜጣ በፕላስተር አያይዘው በልኩ ግድግዳው ላይ ይለጥፉና ሁለት ቀን ይዩት።

ግድግዳውም ይጠየቅ። በብሎኬት የተሠራ ግድግዳ ውስጡ ባዶ ነው፤ አጭር ፊሸር የሚይዘው ስስ ቅርፊቱን ብቻ ነው። ረዘም ያለና ለቀዳዳ ብሎኬት የሚሆን ፊሸር ይጠይቁ። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ አይስቀሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያሉት አራት የብሎን ቀዳዳዎች ርቀት በሚሊ ሜትር ይገለጻል፤ 200 በ200 ወይም 400 በ300 እየተባለ። ማንጠልጠያው ብራኬት ከዚያ ጋር መግጠም አለበት። ጠረጴዛ ላይ ለሚያስቀምጡ ደግሞ፣ ቤት ውስጥ የሚንጠለጠል ሕፃን ካለ ቴሌቪዥኑን ከጀርባው በገመድ ግድግዳ ላይ ማሰር ነው።

መስኮት ፊት ለፊት አያድርጉት። የአዲስ አበባ የጥቅምት ፀሐይ መስታወቱ ላይ ካረፈች የትኛውም ዋጋ አያድነውም፤ የሚያዩት የራስዎን ሶፋ ነው። ከመስኮቱ ጎን ያለው ግድግዳ ይመረጣል፤ ካልሆነ ወፍራም መጋረጃ።

ቤት ከገባ በኋላ ገና ሲከፈት ቴሌቪዥኑ የሚጠቀሙበት ቤት ነው ወይስ ሱቅ ብሎ ይጠይቃል። ቤት ይበሉት። ሱቅ ውስጥ ያዩት ያ ዐይን የሚያጥበረብር ብርሃን ጎረቤቱን ቴሌቪዥን ለመብለጥ የተለቀቀ ነው። የሥዕል ምርጫው ውስጥ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» የሚለውን ይያዙ፤ በመጀመሪያው ምሽት ቢጫ ይመስልዎታል፣ በሦስተኛው ይለምዱታል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ገመዱ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ አዲሱ ትልቅ ቴሌቪዥን ከሪሲቨሩ ጋር የተያያዘው በዚያችው በቀይ፣ ነጭና ቢጫ የጥንት ገመድ ነው። በቢጫዋ በኩል ኤችዲ አያልፍም፤ ጣቢያው የላከው ጥራት እዚያው ሪሲቨሩ ውስጥ ይቀራል። በኤችዲኤምአይ ገመድ ይቀይሩት። ከዚህ ርካሽ የሆነ የቴሌቪዥን ማሻሻያ የለም። ከዜናው ግርጌ የሚሮጠው ጽሑፍ በግማሽ ከተቆረጠ ደግሞ ጥፋቱ የጣቢያው አይደለም፤ የሥዕል መጠን በሚለው ውስጥ «ስክሪን ፊት» ወይም «ጀስት ስካን» የሚለውን ይፈልጉ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የቀረጸው ሁሉ 4 በ3 ነው። ያ ሥዕል ዛሬ በሰፊ መስታወት ላይ ተለጥጦ ሲታይ የጥንት ዘፋኞች ሁሉ የወፈሩ ይመስላሉ። በሪሞቱ 4 በ3 ያድርጉላቸው፤ ግራና ቀኝ ጥቁር ቢቀር ምንም አይደለም።

ድምፅ ላይ ብዙ አልልም። ስስ ቴሌቪዥን ስስ ድምፅ አለው፤ ተናጋሪው ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ የዞረ ነው። ጆሮ የሚከብዳቸው አዛውንት ካሉ የገንዘቡን ጥቂት ከኢንቹ ቀንሶ ለሳውንድ ባር ማዋል ይሻላል።

መብራት ሲሄድ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ይንቀሉ። የሚጎዳው መሄዱ ሳይሆን ሲመለስ የሚዘለው ኃይል ነው፤ ቆየት ብሎ የሚለቅ ስታብላይዘር ያለው ሰው ይድናል። ተራ ዲቫይደር ግን ከዚህ አያድንም። ከአሜሪካ ዘመድ ይዞልዎ የሚመጣ ከሆነ ከጀርባው የተጻፈውን አስቀድሞ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካልሆነና 120 ብቻ ከሆነ የእኛን 220 አይችልም። ከዱባይ የሚመጣው ቮልቱ ይስማማል፣ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው መሰኪያው ግን አስማሚ ይፈልጋል።

ሲያጓጉዙት አያስተኙት፤ እንደሚታይበት ቀጥ ብሎ ይቁም፣ በሁለት ሰው ይያዝ። ሱቁ ውስጥ አስከፍተው መስታወቱን በነጭ፣ ከዚያም በጥቁር ሥዕል ይመልከቱ፤ ስንጥቅና የማይበራ ነጥብ የሚታየው ያኔ ነው። ሣጥኑንና ውስጡ ያለውን ፎም ደግሞ የዋስትናው ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ አይጣሉ፤ አልጋ ሥር ካልገባ ቁም ሣጥን ላይ ያድርጉት።