ፀጉር ሠሪ ለምን እንደገና ትማራለች?

ባለፈው ዓርብ ከጸሎት በኋላ ስለ ፀጉር ሥራ ጥቂት ተናግሬ ነበር። ከቤት መውጣት ያልተፈቀደላቸው እህቶች እንዲያነቡት ጻፊው ስለተባልኩ ጻፍኩት። እዚህ ኑዝላ ስንገናኝ ሹሩባ የማይሠራበት፣ ቀለም የማይቀባበት ቤት የለም። ብዙዎቻችንም «ሀገር ስገባ የሴቶች ፀጉር ቤት እከፍታለሁ» እንላለን። እኔም አንዷ ነኝ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። አሥረኛ ክፍል እንደጨረስኩ ደሴ አንድ ፀጉር ቤት ገብቼ እያየሁ ተማርኩ። ቢጎዲን መጠቅለል፣ ካስክ ማስገባት፣ ፒያስትራ፣ በመጨረሻም ሪላክሰር። ያስተማረችኝ ሴት «ሲያቃጥላት እየሠራ ነው፤ ትንሽ ትታገስ» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን የሠርግ ዋዜማ አንዲት ልጅ መጣች። ሹሩባዋን ያን ጠዋት ፈትታ ጭንቅላቷን ደኅና አድርጋ አካው ነበር። ቀባኋት። አቃጠለኝ ስትል «ታገሺ» አልኳት። ሳጥባት ከጆሮዋ በላይ ቆዳዋ ተነሣ። እዚያ ቦታ ላይ ፀጉሯ ተመልሶ አልበቀለም። እኔ ግን ጥፋቱ የቆዳዋ ስስነት ይመስለኝ ነበር። ጅዳ ከመጣሁ በኋላም ያንኑ «ታገሺ» ለሦስት ልጆች አስተምሬያለሁ።

የገባኝ የማዳምን ምድጃ ሳጸዳ ነው። የምድጃ ማጽጃው ጣሳ ላይ ጓንት አድርጊ፣ ቆዳ ያቃጥላል የሚል አለ። ከሥር በእንግሊዝኛ «ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ» ይላል። ሌላ ጊዜ የሪላክሰር ዕቃ አንሥቼ ሳነብ ያው ስም እዚያም ተጽፏል። የጠነከረ ስብ የሚያሟሟው ነገር ነው ፀጉርን የሚያለሰልሰው። «ኖ ላይ» ተብሎ የሚሸጠው በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተሠራ ነው፤ አብሮት ከሚመጣው ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል እርሱም ቆዳ ያቃጥላል። ስለዚህ ጭንቅላቷን ያከከች፣ ቁስል ያላት ወይም ያን ቀን ሹሩባ የፈታች ሴት አትቀባም፤ ቀን ይቀጠርላት። ጆሮዋና የግንባሯ ዙሪያ ቫዝሊን ይቀባል። ደጋግማ የምትሠራ ከሆነ አዲስ የበቀለው ብቻ ነው የሚነካው፤ አሮጌው ላይ ከተደረበ ይበጠሳል። አቃጠለኝ ካለች ሰዓቱ ባይሞላም ወዲያው ይታጠባል። ማቃጠል የመሥራት ምልክት አይደለም፣ የመቁሰል ነው።

ይህን ሁሉ እኔ አላገኘሁትም፤ ከዕቃው ጋር ባለው ወረቀት ተጽፏል። ችግሩ አንዴ እጇ የለመደ ሴት ያን ወረቀት የምታነብበት ምክንያት የላትም። በአንዳንድ አገር ግን ሕጉ ምክንያት ይሰጣታል። በአሜሪካ ፀጉር ሠሪ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ፈቃዱም ጊዜው ሲያልቅ ይታደሳል። በቴክሳስ በየ2 ዓመቱ ለማሳደስ 4 ሰዓት ትምህርት ትማራለች፤ ስለ ንጽሕናና ስለ ሕጉ። በኢሊኖይ 14 ሰዓት ነው። ሃያ ዓመት የሠራችም ከዚህ አታመልጥም። በነገራችን ላይ ቴክሳስ በፈረንጆች 2015 ሹሩባ ብቻ ለሚሠሩ ፈቃድ አያስፈልግም ብላለች። ትክክል ይመስለኛል፤ ጣትና ማበጠሪያ እንደ ኬሚካል አያቃጥልም።

ለምን እንደገና ይማራሉ ብትሉ፣ በተማሩበት ጊዜ ያልታወቀ ነገር በኋላ ስለሚታወቅ ነው። በፈረንጆች 2022 አሜሪካ ውስጥ 33,497 ሴቶችን 11 ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት ወጣ። ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል ተቀብተው ከማያውቁት ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው የማህፀን ካንሰር ይይዛቸዋል ተብሎ የተሰላው 1.64 በመቶ ነው። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከተቀቡት 4.05 በመቶ። ኬሚካሉ ብቻውን አመጣው ብለው አልደመደሙም፤ ግን እኔ ስማር ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ ደንበኛዬ በየወሩ ቀቢኝ ብትለኝ የምመልስላት መልስ ሌላ ነው።

እዚህ ጅዳ የተወደደው ኬራቲን ደግሞ ብዙው ፎርማሊን አለበት፤ ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚደረገው ማለት ነው። ፒያስትራው ሲያርፍበት በጭስ ይወጣል፤ ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በፈረንጆች 2004 ፎርማሊንን ለሰው ካንሰር ያመጣል ብሎ መድቦታል። ደንበኛዋ ጥቂት ጊዜ ትተነፍሰዋለች፣ ሠሪዋ ግን ቀኑን ሙሉ። መስኮት በሌለው ክፍል በር ዘግተን የምንሠራውን አስቡት።

ጥቁር ሂናም እንዲሁ ነው። ሂና በተፈጥሮው ቀይ ቡኒ ነው እንጂ ጥቁር አይደለም። ቶሎ እንዲጠቁር የፀጉር ቀለም ዱቄት ይጨምሩበታል፤ ስሙ ፒፒዲ ይባላል። እጅ ላይ ውኃ ቋጥሮ ያቆስላል። የከፋው ሰውነት አንዴ ከተቆጣ ዕድሜ ልክ አይረሳም፤ ከዓመታት በኋላ ፀጉሯን ጥቁር ስትቀባ ፊቷ ሊያብጥ፣ መተንፈስም ሊያቅታት ይችላል። ለዚህ ነው ቀለም ከመቀባት 2 ቀን በፊት ጥቂቱን በክንድ መታጠፊያ ወይም ከጆሮ ጀርባ ቀብቶ ማየት የሚያስፈልገው። ሂና ያቆሰላት ልጅ ካለች ግን ሙከራውም ይቅርባት።

ማበጠሪያና ብሩሽም እንዳልረሳ። ቆረቆር በማበጠሪያ ይተላለፋል። መጀመሪያ ፀጉሩን አውጥቶ በሳሙና ማጠብ፣ ቀጥሎ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው በተበጠበጠ ክሎሮክስ መዘፍዘፍ ነው። ቆሻሻ ላይ ክሎሮክስ ቢፈስ ሥራውን አይሠራም። ክሎሮክስ ከሌላ ማጽጃ ጋር እንደማይቀላቀልማ እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ።

የኢሊኖዩ ትምህርት ውስጥ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ከ2017 ጀምሮ ፀጉር ሠሪዎች 1 ሰዓት ስለ ተደበደቡና ስለ ተደፈሩ ሴቶች እንዲማሩ ታዘዘ። ፀጉር የምትሠራ ሴት ማንም የማያየውን ታያለች፤ ከጆሮ ጀርባ የበለዘ፣ ተጎትቶ የተነቀለ። ክሰሽ አልተባለችም። እንዴት ቀስ ብላ እንደምትጠይቅና ወዴት እንደምትልካት ነው የምትማረው። እኔም የአንዲትን እህት ፀጉር ስፈታ መሐል አናቷ ላይ የተነጨ ቦታ አይቼ፣ ዝም ብዬ በሹሩባ ሸፈንኩላት። አሁን ብሆን እጠይቃት ነበር።

ወደ ሀገር የምትገቡ ደግሞ ይህን ስሙ። በሕጋዊ መንገድ የመጣን ብዙዎቻችን ለቤት ሥራ ሲኦሲ ተፈትነናል። በባሕር የመጣችሁም ወሬውን ሰምታችኋል። ለፀጉር ሥራም የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ነው። በሀገራችን የሙያ ሥልጠና ሥርዓት የት ተማርሽ ሳይሆን ምን ትችያለሽ ነው የሚባለው፤ በልምድ የተማረችም ልትመዘን ትችላለች። የንግድ ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ወረቀቱ ታደሰ ማለት ግን እጃችን ታደሰ ማለት አይደለም፤ ያ ለየራሳችን የተተወ ነው። እዚህ ግን ተጠንቀቁ፤ ኢቃማችሁ ላይ የተጻፈው የቤት ሠራተኛ ነው። መሽገል ገብቶ ተቀጥሮ መሥራት ከተያዙ ወደ ሀገር ያስመልሳል።

ያስተማርኳቸውን ሦስቱን ልጆች ሁለቱን አግኝቼ ነግሬያቸዋለሁ። ሦስተኛዋ መካ ተዛውራለች፤ ስልኳ አይሠራም፤ የምታውቋት ይህን ወረቀት አድርሱላት። በሚመጣው ዓርብ የምትጠቀሙበትን ሪላክሰር፣ ቀለምና ክሬም ከነማሸጊያው ይዛችሁ ኑ። እንግሊዝኛውን እኔ፣ ዓረብኛውን ሌላ እህት ታነብባለች።