9 ጥርስ ለ37፦ ለአሮጌ ፒክአፕ የዲፈረንሻል ምጣኔ ስንመርጥ

እ.ኤ.አ. በ1949 የተሠራች ሼቭሮሌት 3100 ፒክአፕ ዛሬ በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ሞተሯ እሪ ይላል። ሾፌሩ ማርሽ ጨምሮ ሊያሳርፋት ቢፈልግም ካምቢዮው ያለው ሦስት ማርሽ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ገብቷል፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ብዙ ባለንብረት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞተሩን ነው። ካንዴላ ይቀይራል፣ ካርቡሬተር ያስጠርጋል። ነገሩ ያለው ግን ከኋላ፣ በሁለቱ ጎማዎች መሀል ባለው ዲፈረንሻል ውስጥ ነው።

ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ጫፍ ላይ ፒኞን የሚባለው ትንሹ ጥርሳም ብረት አለ፤ እሱም ጎማዎቹን የሚያዞረውን ትልቁን ጥርሳም ቀለበት ይነዳል። በዚህች ፒክአፕ ላይ ፒኞኑ 9 ጥርስ፣ ቀለበቱ ደግሞ 37 ጥርስ አለው። 37 ለ9 ሲካፈል 4.11 ይመጣል። ዘንጉ 4.11 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ለምን 36 አድርገው ቁጥሩን በድፍኑ 4 እንዳላደረጉት የሚገርመው ሰው ካለ፣ ምክንያቱ አለ። ቀለበቱ 36 ጥርስ ቢኖረው እያንዳንዱ የፒኞን ጥርስ ዕድሜ ልኩን ከእነዚያው ከአራት ጥርሶች ጋር ብቻ ይገናኝ ነበር፤ አንዱ ጥርስ ጎድጎድ ካለ እነዚያኑ አራቱን ሲበላ ይኖራል። 37 ሲሆን ግን እያንዳንዱ ጥርስ ሁሉንም ተራ በተራ ይነካል፤ መበላቱም ለሁሉም እኩል ይዳረሳል።

ምጣኔው ጉልበት አይፈጥርም፤ ያለውን ይመነዝራል እንጂ። ውሃ ሽቅብ የሚያወጣ ሰው ወይ ሙሉ ጀሪካን አንድ ጊዜ ይሸከማል፣ ወይ በግማሽ በግማሽ ቀንሶ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ላይ የሚደርሰው ውሃ ያው ነው፤ የሚለያየው በአንድ ጊዜ የሚያርፍበት ክብደትና የሚመላለሰው ብዛት ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለ ምጣኔ፣ ለምሳሌ 4.11፣ ሞተሩን ብዙ ያመላልሰዋል፤ በያንዳንዱ ዙር ግን ጭነቱን ያቀልለታል። ዝቅ ያለው፣ ለምሳሌ 3.55፣ ምልልሱን ቀንሶ ሸክሙን ያከብደዋል።

የ1949ኙ መሐንዲሶች 4.11ን የመረጡት ሳያስቡ አልነበረም። ያቺ መኪና እህል፣ መኖና አጥር ተጭኖባት በገበሬ መንገድ ላይ እንድትሄድ የታሰበች ናት። ከእሷ ከፍ የሚሉት እህቶቿ፣ 3600 እና 3800፣ 4.57 እና 5.14 ነበር የተገጠመላቸው፤ ጭነቱ በጨመረ ቁጥር ቁጥሩም ይጨምራል። ዛሬ የሚያስጮኻት ሰፊ የፍጥነት መንገድ ደግሞ በሕግ የተወሰነው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1956 ከፈረሙ በኋላ ነው። መኪናዋ ከመንገዱ ትቀድማለች።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የፋብሪካው ጎማ፣ 6.00-16 የሚባለው፣ ቁመቱ 72 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.26 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት ጎማው በደቂቃ 737 ጊዜ ይዞራል። ሦስተኛ ማርሽ አንድ ለአንድ ስለሆነ ሞተሩ 737 በ4.11 ተባዝቶ ወደ 3,030 ዙር ይዞራል። በ3.55 ቢሆን ወደ 2,615 ይወርዳል። በአንድ ሰዓት ጉዞ ልዩነቱ 25,000 ዙር ያህል ነው።

3,030 ዙር ለዛሬ መኪና ተራ ነገር ነው። ለዚህ ሞተር ግን አይደለም። 216 ኪዩቢክ ኢንች ወይም 3.5 ሊትር የሚይዘው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር 90 የፈረስ ጉልበቱን አሟጦ የሚሰጠው በ3,300 ዙር ነው፤ ስለዚህ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጫፉ አጠገብ ይሠራል። ከዚያም የከፋው የዘይቱ ነገር ነው። የቢየላው ብሮንዚን እንደዛሬዎቹ በፓምፕ ግፊት በቀጥታ ዘይት አያገኝም። በቢየላው ግርጌ ያለች ትንሽ ቁራጭ በየዙሩ ከታች ከተንጣለለው ዘይትና ከጎን ከሚተፋላት ቀጭን ፍሳሽ እየጨለፈች ታጠጣዋለች። ብሮንዚኑ ራሱ በቦታው የፈሰሰ ለስላሳ ብረት ነው። ለግማሽ ሰዓት 3,000 ዙር ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ መጠየቅ ግን ግፍ ነው። በ1954 መኪናዋ ላይ የገባው 235 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ዘይቱን በሙሉ ግፊት ስለሚያገኝና 112 የፈረስ ጉልበት ስላለው ይህን ሥጋት በእጅጉ ያቃልላል።

ምጣኔ ከመቀየር በፊት ጎማውን ማየት ይገባል። ብዙ ሰው የድሮውን ረጅም ጎማ አውጥቶ አጠር ያለ ዘመናዊ ራዲያል ያስገባል፤ ያምራል፣ መንገድም ይይዛል። ቁመቱ ወደ 66 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ግን 4.11 የነበረው ዲፈረንሻል 4.48 እንደሆነ ያህል ይሠራል። ሞተሩም በ100 ኪሎ ሜትር 3,300 ዙር ይገባል፤ እዚያው ጫፉ ላይ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዲፈረንሻሉን ከማስፈታቱ በፊት ረዘም ያለ ጎማ ቢፈልግ ወጪውም ድካሙም ይቀንስለታል።

ጎማው ደህና ከሆነና ጩኸቱ ካልቀረ፣ የብዙዎቹ ምርጫ 3.55 ነው። ይህ ምጣኔ ከ1950 እስከ 1954 በተሠሩት፣ ፓወርግላይድ የሚባል አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው የሼቭሮሌት የቤት መኪኖች ላይ ነበር፤ ጥርሶቹ በ3100 ዲፈረንሻል ውስጥ ይገባሉ። ዋጋው ግን ወዲያው ይታያል፤ በየትኛውም ማርሽ ጎማው ላይ የሚደርሰው የመጠምዘዝ ኃይል ወደ 14 በመቶ ይቀንሳል። አንደኛ ማርሽ 2.94 ስለሆነ ከዲፈረንሻሉ ጋር ሲባዛ የነበረው 12.1 ወደ 10.4 ይወርዳል። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ የሚነሳ ሰው ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል። አንደኛው 7.05 የሆነ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ያላት መኪና ይህ ችግር የለባትም፤ 3.55 ገብቶላትም 25 እጥፍ ይቀርላታል።

ሰው ብዙ ጊዜ የማያስተውለው ሁለተኛ ማርሽን ነው። ምጣኔው 1.68 ነው፤ ከሦስተኛ ያለው ርቀት ሰፊ ነው። በ4.11 ዲፈረንሻል ሁለተኛ ማርሽ 3,300 ዙር ላይ የሚደርሰው በ65 ኪሎ ሜትር ነው፣ በ3.55 ግን በ75። ዳገት ላይ ሦስተኛ ሲያቅት ሁለተኛ አስገብቶ በ70 መውጣት የሚቻለው በ3.55 ነው። ስለዚህ ዝቅ ያለው ቁጥር ለዳገት ሁልጊዜ መጥፎ ነው የሚለው ወሬ ግማሹ ብቻ ነው እውነት።

ግን ከፍታም አለ። ዴንቨርና አካባቢዋ የሚኖሩ ሐበሾች ኢንተርስቴት 70ን ይዘው ወደ ምዕራብ ሲወጡ አየሩ እንዴት እንደሚሳሳ ያውቁታል። ከተማዋ 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 83 በመቶ ያህል ነው። የአይዘንሃወር ዋሻ ጋ፣ 3,400 ሜትር ላይ፣ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ሞተር የሚያቃጥለው የሚተነፍሰውን ያህል ስለሆነ 90 የፈረስ ጉልበት 60 ይሆናል ማለት ነው። እዚያ ላይ በ3.55 ሦስተኛ ማርሽ ለመውጣት መሞከር ጋዙን እስከ ወለሉ ረግጦ መኪናዋ ስትሞት ማየት ነው። ኑሮው በእንዲህ ያለ ተራራ ላይ የሆነ፣ ወይም ዛሬም በእሷ ጭነት የሚያመላልስ ሰው 4.11ን ባይነካ ይሻለዋል። ሜዳ ላይ ባዶዋን የሚነዳት ግን 3.55 ያስገባ። ከዚያ በታች ወርዶ 3.08 የሚያስገባ ካለ፣ በድሮው ሞተር ከሆነ፣ ሦስተኛ ማርሹን ለቁልቁለት ብቻ አስቀርቶታል።

ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ካምቢዮውን ይቀይራል። ከሼቭሮሌት ኤስ-10 የሚወጣው ባለ አምስት ማርሽ ቲ5 ለዚህ የታወቀ ነው። አምስተኛው 0.72 የሆነውን ብንወስድ 4.11 እዚያው እያለ በጠቅላላው 2.96 ይሆናል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 2,180 ዙር። ችግሩ የ3100 ዘንግ የሚዞረው ከዲፈረንሻሉ ጋር በተያያዘ የተዘጋ ቱቦ ውስጥ መሆኑ ነው። ቱቦው ሲወጣ የኋላ አክሱም አብሮ ይቀየራል ወይም ይሻሻላል።

ያ ቱቦ ያለውን ምጣኔ ለማወቅም ያስቸግራል፤ ዘንጉ አይታይም። ዘዴው እንዲህ ነው። ካንዴላዎቹን ማውጣት፣ ሦስተኛ ማርሽ ማስገባት፣ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ማንሳትና ሌላው መሬት እንደረገጠ እንዳይንቀሳቀስ ታኮ ማድረግ። ከዚያ የተነሳውን ጎማ ሁለት ዙር እያዞሩ ከፊት የሞተሩን ፑሌጃ መቁጠር። ሁለት ዙር የሚባለው አንዱ ጎማ ሲቆም ሌላው በእጥፍ ስለሚዞር ነው። ፑሌጃው አራት ዙር ሞልቶ ትንሽ ካለፈ 4.11 ነው። ሦስት ዙር ተኩል ከሆነ አንድ የቀድሞ ባለቤት ቀድሟችኋል።

ሲገጠምም ፒኞንና ቀለበት ሁልጊዜ በጥንድ ይገዛሉ፤ ፋብሪካ ላይ አብረው ተፋትገው የወጡ ናቸው። ጥሩ መካኒክ ጥቂት ጥርሶችን ቢጫ ቅባት ይቀባና ያዞራቸዋል። አሻራው የጥርሱ መሀል ላይ ካረፈ ደህና ነው፤ ወደ አንዱ ጫፍ ከሸሸ ስስ ቀለበት እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ፒኞኑን ያስጠጋል ወይም ያርቃል። በጥርሶቹ መሀል የሚቀረው ክፍተት ከሩብ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ይህን የማይለካ ሰው የሠራው ዲፈረንሻል ያዜማል።

3.55 ካስገባችሁ የፍጥነት መቁጠሪያውን የምታዞረውን ትንሿን ጥርስም አስቀይሩ። ካልተቀየረች መቁጠሪያው 86 ሲል መኪናዋ የምትሄደው 100 ነው፤ የትራፊክ ፖሊሱ ደግሞ የሚያነበው የራሱን ነው።