ያረጁ የእንጨት የቤት ዕቃዎችን በቤት ውስጥ ማደስ፦ ለግልገል በለስና አካባቢዋ ነዋሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

የመተከል ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ግልገል በለስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ከወላጅ ወደ ልጅ የተላለፉ የዋንዛ ሣጥኖች፣ አልጋዎች፣ ጠረጴዛዎችና በርጩማዎች በብዙ ቤቶች ይገኛሉ። በ2013 ዓ.ም. በዞኑ በደረሰው ከፍተኛ መፈናቀል ምክንያት ደግሞ በርካታ ቤቶች ለወራት ተዘግተው ቆይተዋል። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የቀረ የእንጨት ዕቃ ለምስጥ፣ ለነቀዝና ለሻጋታ የተጋለጠ ነው። ዕቃው ምንም ያህል የተጎዳ ቢመስልም ለማገዶ ከማዋልና በርካሽ ከመሸጥ በፊት ሊድን የሚችል መሆኑን መመርመር ይገባል። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ዜጎች ምርመራውንና እድሳቱን በጥንቃቄ እንዲያከናውኑ ለማገዝ ነው።

ማደስ ለምን ይመረጣል?

በቀድሞ ጊዜ የተሠሩ የቤት ዕቃዎች በአብዛኛው ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጥድ የተዘጋጁ ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 እነዚህን ዛፎችና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ የደን ልማትን፣ ጥበቃንና አጠቃቀምን በዝርዝር ደንግጓል። ስለዚህ ከእጅ የወጣን የዋንዛ ቁም ሣጥን በዚያው ዓይነት እንጨት መተካት አስቸጋሪም ውድም ነው። በተጨማሪም ቺፑድና ኤምዲኤፍ ውኃ ገብቷቸው አንዴ ካበጡ ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው አይመለሱም። ከደረቅ ሳንቃ የተሠራ ዕቃ ግን ሊፈታ፣ ሊጠገንና እንደገና ሊገጠም ይችላል።

በእድሳት ሥራ ዋናው መመሪያ አንድ ነው፦ ጥንካሬ ከውበት ይቀድማል። ውስጡ በተበላ ወይም መጋጠሚያው በላላ ዕቃ ላይ ቫርኒሽ መቀባት ጉዳቱን ይሸፍናል እንጂ አያድነውም።

አንደኛ፦ ምርመራ

ዕቃውን ወደ ብርሃን አውጥቶ መገልበጥና እግሮቹን፣ ጀርባውንና የመሳቢያዎቹን ሥር መመልከት ያስፈልጋል። የጭቃ መስመር ከታየ ከመሬት የሚነሣ ምስጥ ገብቶበታል። ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎችና እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ከታዩ ደግሞ ነቀዝ አለበት ማለት ነው። በቢላ ጫፍ ሲጫኑት በቀላሉ የሚገባና ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ክፍል መለወጥ ይኖርበታል።

ቀዳዳ መኖሩ ብቻ ነቀዙ በሕይወት ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። ብናኙን ጠርጎ ከዕቃው ሥር ነጭ ወረቀት በማንጠፍ ለተወሰኑ ሳምንታት መከታተል ይጠቅማል። አዲስ ብናኝ ከወደቀ ተባዩ ገና በሥራ ላይ ነው።

ሁለተኛ፦ ተባይን መከላከል

የምስጥ ምንጩ መሬቱ ወይም ግድግዳው በመሆኑ ዕቃውን ብቻ ማከም በቂ አይደለም። የጭቃውን መስመር ማፍረስ፣ ዕቃውን ከግድግዳ ማራቅና እግሮቹን በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በቆርቆሮ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። የእንጨት ማሸጊያዎችን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት በሙቀት የሚታከም እንጨት እስከ መሐሉ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለ30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ስለሆነም ወፍራም እንጨትን ፀሐይ ላይ ማውጣት እርጥበቱንና ሻጋታውን ለማድረቅ ቢረዳም ነቀዙን በእርግጠኝነት ያጠፋል ማለት አይቻልም።

ለእርሻ ወይም ለወባ መከላከያ የተዘጋጀ ኬሚካልን በአልጋ፣ በምግብ ጠረጴዛና በሕፃናት ዕቃ ላይ መርጨት በጤና ላይ ጉዳት ያስከትላል። ለአጥር እንጨት የሚቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ለቤት ውስጥ ዕቃ አይሆንም።

ሦስተኛ፦ መጋጠሚያን ማጥበቅ

የሚነቃነቅን ወንበር በምስማር መምታት የተለመደ ቢሆንም ምስማሩ እንጨቱን ይሰነጥቃል፤ ቀጣዩን ጥገናም ያከብዳል። ትክክለኛው አሠራር የላላውን መጋጠሚያ በጥንቃቄ ፈትቶ አሮጌውን ማጣበቂያ ሙሉ በሙሉ ማስወገድ ነው። ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የተዘጋጀ የቀድሞ ማጣበቂያ በሞቀ ውኃ ይለሰልሳል። እንጨቱ ከደረቀ በኋላ አዲስ የእንጨት ኮላ ቀብቶ መግጠምና በሞርሳ ማጥበቅ ይገባል። ሞርሳ ከሌለ ገመድ ዙሪያውን አስሮ በዱላ ማጠንጠን ይቻላል። ከመፍታት በፊት ለ24 ሰዓት ያህል ማቆየት ይመከራል።

አራተኛ፦ የቆየ ቀለምን ማንሣት

ይህ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ደረጃ ነው። የቆዩ ቀለሞች የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት የሚጎዳ እርሳስ ሊኖራቸው ይችላል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚገኘው የእርሳስ መጠን ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ ግን ከዚህ በላይ ሊይዝ ስለሚችል፦

• ቀለሙን በደረቁ አለመፋቅና በእሳት አለማቃጠል፤
• ገጽታውን በውኃ እያራሱ መፋቅ፤
• አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ሥራውን ከቤት ውጭ ማከናወን፣ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ማራቅ፤
• ፍቅፋቂውን ሰብስቦ በላስቲክ ከረጢት ማሰር፣ እጅንና የሥራ ልብስን ለብቻ ማጠብ ያስፈልጋል።

ዕቃው ቀለም ሳይሆን የደበዘዘ ቫርኒሽ ብቻ ካለው ሁልጊዜ መፋቅ አያስፈልግም። በለስላሳ ሳሙናና በተጨመቀ ጨርቅ ማጽዳት ብዙ ጊዜ የእንጨቱን መልክ ያወጣዋል።

አምስተኛ፦ ማለስለስና መቀባት

የብርጭቆ ወረቀትን ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ ለምሳሌ ከቁጥር 120 ወደ 180፣ ቀጥሎም ወደ 240 እየለወጡ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ማሸት ይገባል። ጭረቱን አቋርጦ ማሸት ከቫርኒሹ በኋላ ጎልቶ የሚታይ ጠባሳ ይተዋል። ትንንሽ ቀዳዳዎችን በስቱኮ ደፍኖ ካደረቁ በኋላ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ማንሣትና እንጨቱን ማድረቅ ያስፈልጋል። ቫርኒሹን በአንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ይልቅ በስሱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መደራረብ፣ በየመሐሉም በለስላሳ ወረቀት ማሸት የተሻለ ውጤት ያስገኛል።

የተልባ ዘይትን ለቅብ የሚጠቀሙ ዜጎች ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለው እንዳያስቀምጡ ይመከራል። እንዲህ ያለ ጨርቅ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ውኃ ውስጥ መንከር ወይም ከቤት ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ይገባል።

የአካባቢው አየር ጠባይ

በክረምት እንጨት እርጥበት ስቦ ስለሚያብጥ መሳቢያና በር ይጣበቃሉ። በዚህ ጊዜ በመላጊያ መላግ ስሕተት ነው፤ በጋ ሲገባ እንጨቱ ተመልሶ ስለሚሟሽሽ መሳቢያው ይላላል። የእድሳት ሥራን ከኅዳር እስከ የካቲት ማከናወን ይመረጣል። በግልገል በለስ የቀትር ሙቀት ቫርኒሽን ከልክ በላይ አፍጥኖ ስለሚያደርቅና አረፋ ስለሚፈጥር በማለዳ፣ በጥላ ሥር መቀባት ይገባል።

ወደ ባለሙያና ወደ መንግሥት ተቋም መቼ ይኬዳል?

ክብደት የሚሸከም የአልጋ ወይም የወንበር እግር ከተበላ፣ እንዲሁም የሕፃን አልጋ ከተጎዳ ጥገናው በእንጨት ሥራ ባለሙያ መከናወን አለበት። በአቅራቢያ የሚገኙ በእንጨት ሥራ የተሰማሩ ኢንተርፕራይዞችንና የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማትን ማማከር ይቻላል። ለምትክ የሚሆን እንጨት የሚገዙ ዜጎች ሕጋዊ ደረሰኝ መጠየቅ አለባቸው። ከራሳቸው ይዞታ ዛፍ ለመቁረጥ ወይም ጣውላ ለማጓጓዝ የሚፈልጉም አስቀድመው የወረዳቸውን የደን ሥራ የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ፈቃድ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ዕቃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ከማናቸውም ጥገና በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው።

ከላይ የተዘረዘሩት ሥራዎች ከፍተኛ ወጪ አይጠይቁም። በጊዜ የተመረመረና በትክክል የተጠገነ አንድ ሣጥን ወይም አልጋ ቤተሰቡን ለተጨማሪ ዓመታት ያገለግላል፤ በደን ውስጥ የቆመውን ዋንዛም ከመጥረቢያ ያተርፋል።