የሕፃናት ከልክ ያለፈ ውፍረት ሕክምና ስኬት መለኪያዎች

ከልክ በላይ የወፈረ ጎልማሳ ታክሞ ክብደቱ ከቀነሰ ሕክምናው እንደሠራ ይቆጠራል። በማደግ ላይ ያለ ሕፃን ግን ሳይታመም በየዓመቱ ክብደቱ ይጨምራል። በመሆኑም በኪሎ ግራም ብቻ የሚመዘን የሕክምና መርሐ ግብር፣ የተሳካውን እንዳልተሳካ፣ ያልተሳካውንም እንደተሳካ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

ክብደትና ዕድገት

ለምሳሌ ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 36 ኪሎ ግራም የሆነ የ7 ዓመት ወንድ ልጅ ቢኖር፣ ቢ.ኤም.አይ. 25 ይሆናል። ከአንድ ዓመት በኋላ ቁመቱ 126 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 37.5 ኪሎ ግራም ቢደርስ፣ ቢ.ኤም.አይ. ወደ 23.6 ዝቅ ይላል። ልጁ በ1.5 ኪሎ ግራም ጨምሯል፤ አሁንም ከውፍረት ክልል አልወጣም፤ ሆኖም ሕክምናው ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ እየመራው ነው።

በዚህ ምክንያት ውጤቱ ለዕድሜና ለጾታ ተስተካክሎ በዜድ ስኮር ይገለጻል። በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ መሠረት ከ5 እስከ 19 ዓመት ባለው ዕድሜ ከ+2 በላይ የሆነ ቢ.ኤም.አይ. ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ዜድ ስኮሩ ቢያንስ በ0.25 ሲቀንስ እንደ ደም ቅባት ባሉ የጤና ጠቋሚዎች ላይ መሻሻል እንደሚታይና በ0.5 ሲቀንስ ጥቅሙ እንደሚጎላ ጥናቶች ያመለክታሉ። ውፍረቱ እጅግ ከፍተኛ በሆነበት ሕፃን ግን ዜድ ስኮር ለውጡን አሳንሶ ሊያሳይ ስለሚችል በጥንቃቄ መተርጎም ይኖርበታል።

የክትትል ዘመን

ሁለተኛው ጥያቄ መቼ ይለካ የሚለው ነው። ሊዮናርድ ኤፕስታይንና ባልደረቦቹ ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆኑ አሜሪካውያን ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ጋር በሦስት ቡድን መድበው ነበር። ሁሉም ተመሳሳይ የአመጋገብና የአካል እንቅስቃሴ ትምህርት አገኙ፤ ልዩነቱ ለለውጥ የሚበረታታው ማን እንደሆነ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሦስቱ ቡድን ሕፃናት ውጤት ተቀራራቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የ10 ዓመት ክትትል ግን ሌላ ሥዕል አሳየ። ወላጅና ልጅ በአንድነት በተበረታቱበት ቡድን የትርፍ ክብደት መጠን በ7.5 መቶኛ ነጥብ ቀንሶ ሲገኝ፣ በማነጻጸሪያው ቡድን በ14.3 ነጥብ ጨምሯል። ልኬታው ሕክምናው እንዳበቃ ቢቆም ኖሮ የወላጆች ተሳትፎ ጥቅም ሳይታወቅ ይቀር ነበር።

ያቋረጡትን መቁጠር

በአጣዳፊ የምግብ እጥረት ሕክምና የሚሠሩ ባለሙያዎች ያገገሙትን፣ የሞቱትንና ያቋረጡትን ለይተው ሪፖርት ማድረግን ለምደዋል። ይኸው ሥርዓት ለውፍረት ሕክምናም ያስፈልጋል። ከ100 ተመዝጋቢዎች 40 ጨርሰው 30ዎቹ ቢሻሻሉ፣ ስኬቱ ከጨረሱት አንጻር 75 በመቶ፣ ከተመዘገቡት አንጻር ግን መሻሻላቸው የተረጋገጠው 30 በመቶው ብቻ ነው። የሚያቋርጡት ብዙውን ጊዜ ሕክምናው ያልሠራላቸው ወይም ለመመላለስ አቅም ያነሳቸው በመሆናቸው፣ እነርሱን መተው እውነቱን መሸፈን ይሆናል።

ከሚዛን ውጭ ያሉ መለኪያዎች

የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና ቅባት፣ እንቅልፍ፣ የአካል ብቃትና የኑሮ ደስታም ሊመዘገቡ ይገባል። የሕፃኑ ቁመት መጨመሩን መቀጠሉ፣ ምግብን መፍራት ወይም በሰውነቱ ማፈር አለመጀመሩም አብሮ ይታያል፤ ክብደቱ ቀንሶ ዕድገቱ የተገታ ወይም መንፈሱ የተጎዳ ሕፃን ተሳክቶለታል አይባልምና።

ማጠቃለያ

ማንኛውም መርሐ ግብር የመጀመሪያውን ሕፃን ከመቀበሉ አስቀድሞ በምን፣ መቼና ከማን አንጻር እንደሚለካ በጽሑፍ መወሰን አለበት። መለኪያው ውጤቱ ከታየ በኋላ ከተመረጠ፣ የሚለካው የሕፃኑ ጤና ሳይሆን የመርሐ ግብሩ መልካም ስም ይሆናል።