ድል የተነሡ ጸሐፊዎች



«ታሪክን የሚጽፈው ያሸነፈ ነው» የሚለውን አነጋገር ብዙ ጊዜ እንሰማዋለን። አነጋገሩ ፈጽሞ ሐሰት ነው አይባልም። ዳሩ ግን በጥንት ዘመን ስለ ጦርነት ከተጻፉት መጻሕፍት የላቁት የማን እንደ ሆኑ ስንመረምር፥ ነገሩን ብዙ ጊዜ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ከግሪክና ከሮማ ዘመን ከደረሱን የጦርነት ታሪኮች መካከል ከዋነኞቹ ሦስቱን የጻፉት፥ ጦር መርተው በጦር ምክንያት የወደቁ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ስደተኛ፥ ሁለተኛው መያዣ ሆኖ የተወሰደ፥ ሦስተኛው ምርኮኛ። በዛሬው ንግግራችን የእነዚህን የሦስቱን ሰዎች ነገር በአጭሩ እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የጦር አዛዥነትና ደራሲነት ለሁለት ዐይነት ሰዎች የተከፈለ ሥራ አልነበረም። በአቴና ከተማ በየዓመቱ ዐሥር የጦር አዛዦች ይመረጡ ነበር። የታወቀው የቲያትር ደራሲ ሶፎክሌስ ከነዚህ አዛዦች አንዱ ሆኖ አገልግሏል፤ ከእርሱ የሚቀድመው አይስኪሎስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ዓመት ፋርሶች በማራቶን ሜዳ ድል በሆኑበት ውጊያ ከተሰለፉት ወታደሮች አንዱ ነበረ። እንግዲህ ብዕር የሚይዘው እጅ ጦርም የሚይዝ ስለ ነበረ፥ ስለ ጦርነት የሚጽፈው ሰው የሚጽፈውን ነገር ቀምሶ ያውቀው ነበር።

ከሦስቱ የመጀመሪያው ቱኪዲደስ የተባለው የአቴና ሰው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ431 እስከ 404 ዓመት በአቴናና በእስፓርታ መካከል የተደረገው ጦርነት ሲጀመር፥ ነገሩ ታላቅ እንደሚሆን ገምቶ ወዲያው መጻፍ ጀመረ። በሁለተኛው ዓመት በከተማዪቱ ወረርሽኝ ገብቶ ሕዝቡን ሲፈጅ እርሱም ታሞ ዳነ፤ በራሱ የደረሰበትንና በሌሎች ያየውን የበሽታውን ምልክት አንድ በአንድ መዝግቦ ተወልን። በ424 ዓመት ከዐሥሩ አዛዦች አንዱ ሆኖ ወደ ሰሜን ተላከ። በዚያም በስትሪሞን ወንዝ ላይ አምፊፖሊስ የምትባል ከተማ ነበረች፤ ለመርከብ መሥሪያ የሚሆን እንጨትና የገንዘብ ገቢ ከእርስዋ ይገኝ ስለ ነበረ ለአቴና እጅግ ታስፈልጋት ነበር።

ብራሲዳስ የተባለው የእስፓርታ አዛዥ በረዶ በሚወርድበት ሌሊት ገሥግሦ በከተማዪቱ ላይ በድንገት ደረሰ። ቱኪዲደስ በዚያ ሰዓት የግማሽ ቀን የባሕር መንገድ በምታስኬደው በታሶስ ደሴት ነበረ። ወሬው እንደ ደረሰው በእጁ የነበሩትን ሰባት መርከቦች ይዞ ተነሣ። ዳሩ ግን ብራሲዳስ ርዳታው ከመድረሱ በፊት ለነዋሪዎቹ ቀላል የሆነ የውል ቃል ስላቀረበላቸው፥ ከተማዪቱ እጅዋን ሰጠች። ቱኪዲደስ በዚያው ቀን ማታ ሲደርስ ለማዳን የቻለው በወንዙ መግቢያ ያለችውን ኤዮን የተባለችውን ወደብ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሃያ ዓመት በስደት ኖረ።

የሚያስደንቀው ይህን ነገር ራሱ የጻፈበት አኳኋን ነው። ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገር አድርጎ «ቱኪዲደስ» እያለ የሆነውን በአጭሩ ይተርካል፤ ምሕረት አይለምንም፥ በከተማዪቱ ውስጥ የነበረውንም የሥራ ባልደረባውን አይከስም። ስለ ቅጣቱም የሚናገረው በሌላ ስፍራ ነው፤ ይኸውም ስደቱ የሁለቱን ወገን ሥራ ረጋ ብሎ ለመመልከት ጊዜ እንደ ሰጠው ለማስረዳት ብቻ ነው። ከዛሬ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ይህ ዝምታ ራሱ ብልህ የሆነ መከላከያ ነው ይላሉ። ቢሆንም የጠላቱን የብራሲዳስን ብልሃትና ትጋት ሳይቀንስ መጻፉን የሚክድ የለም።

ከዚህ ጋር የአሸናፊውን የዩልዮስ ቄሳርን አጻጻፍ እናስተያየው። ቄሳርም የዛሬዪቱን ፈረንሳይ አገር ስለ ወጋበት ዘመቻ ሰባት መጻሕፍት ሲጽፍ ራሱን «ቄሳር» እያለ ይጠራል፤ ቋንቋውም እጅግ የጠራ ነው። ነገር ግን በ52 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በጌርጎቪያ ኮረብታ ላይ ተመትቶ 46 የመቶ አለቆችና ሰባት መቶ የሚያህሉ ወታደሮች በጠፉበት ጊዜ፥ ጥፋቱን ትእዛዝ ሳይጠብቁ ወደ ፊት በሮጡት ወታደሮች ላይ ያደርገዋል፤ በማግሥቱም ሰብስቦ ገሠጻቸው ይላል። ነገሩ እንዲያ ሆኖ ይሆናል፤ የአዛዡ ስሕተት ግን በመጽሐፉ አይገኝም። ከእርሱ ጋር የዘመተው አሲንዮስ ፖልዮ የቄሳር መጻሕፍት በቂ ጥንቃቄና እውነት እንደሚጎድላቸው መናገሩ ተጽፎ ይገኛል። ሁለቱም ጸሐፊዎች ራሳቸውን እንደ ሌላ ሰው ጠርተዋል፤ አንደኛው በዚህ ውድቀቱን ሲመዘግብ፥ ሁለተኛው ግን ክብሩን ጠበቀበት።

ሁለተኛው ሰው ፖሊቢዮስ ነው። ይህ ሰው የግሪክ መኰንን ልጅ ሲሆን፥ ራሱም የአካይያ ማኅበር የፈረሰኛ ጦር አዛዥ ነበረ። ሮማውያን በ168 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የመቄዶንያን ንጉሥ በፒድና ድል ካደረጉ በኋላ፥ ከአካይያ አንድ ሺህ የሚሆኑ ታላላቅ ሰዎችን ለይተው ወደ ኢጣልያ ወሰዱ። እነዚህ ሰዎች ለፍርድ ሳይቀርቡ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል ቆዩ፤ ወደ አገራቸው በሕይወት የተመለሱት ሦስት መቶ የማይሞሉ ነበሩ። ፖሊቢዮስ ግን በሮማ ከአሸናፊው አዛዥ ልጅ ከስኪፕዮ ጋር ወዳጅ ሆነ። ወዳጅነታቸው የተጀመረው መጻሕፍት በመዋዋስና ስለ መጻሕፍት በመነጋገር እንደ ነበረ ራሱ ጽፏል።

ያሸነፈ ሰው ለምን እንዳሸነፈ ብዙ አይጠይቅም፤ ድሉ ይበቃዋል። ፖሊቢዮስ ግን ድል ከተነሣው ወገን ስለ ነበረ፥ ሮማ በ53 ዓመት በማይሞላ ጊዜ የታወቀውን ዓለም ከሞላ ጐደል እንዴት ልትገዛ ቻለች የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ፥ ለዚህ መልስ የሚሆን አርባ መጻሕፍት ጻፈ። ሐኒባል የአልፕስን ተራራ የተሻገረበትን መንገድ ራሱ ሄዶ ተመለከተ። ሐኒባል ወደ ኢጣልያ ይዞት የገባውን የሠራዊት ብዛት፥ ይኸውም 20,000 እግረኛና 6,000 ፈረሰኛ፥ ሐኒባል ራሱ በናስ ላይ ካስቀረጸው ጽሑፍ ላይ አንብቦ መዘገበ። በ146 ዓመት ካርታጎ ስትቃጠል ከስኪፕዮ አጠገብ ቆሞ ነበር። ድል አድራጊው አዛዥ እያለቀሰ ሆሜር ስለ ትሮያ መጥፋት ከተቀኘው ቃል እንደ ጠቀሰ፥ ይህ ነገር አንድ ቀን በሮማም ላይ ይደርሳል ብሎ እንደ ፈራ የሚነገረው ከፖሊቢዮስ ምስክርነት ነው።

ሦስተኛው አይሁዳዊው ዮሴፍ ነው። በ67 ዓመተ ምሕረት በገሊላ የአይሁድን ጦር ሲመራ በዮታፓታ ምሽግ 47 ቀን ተከብቦ ተማረከ። በዋሻ ተደብቀው ሳሉ ጓደኞቹ ከመማረክ ይልቅ በዕጣ ተራ ሊሞቱ ተስማምተው ሲያልቁ፥ እርሱ በመጨረሻ ከአንድ ሰው ጋር ቀርቶ እጁን ሰጠ። ይህን የማያስከብረውን ነገር የነገረን ራሱ ዮሴፍ ነው። በ70 ዓመት ኢየሩሳሌም ስትጠፋ በሮማውያን ሰፈር ሆኖ ተመልክቶ፥ ታሪኩን በመጀመሪያ በትውልድ ቋንቋው፥ በኋላም በግሪክኛ ጻፈው። ይሁን እንጂ የንጉሠ ነገሥቱን ጡረታ እየበላ በሮማ ስለ ተቀመጠ፥ ስለ ጌቶቹ የተናገረው ሁሉ በጥንቃቄ የሚነበብ ነው። የእርሱ ታሪክ ወደ አገራችንም ደርሷል፤ በ10ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ በዕብራይስጥ የተዘጋጀውና ከእርሱ ታሪክ ብዙ የወሰደው መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ፥ ከዐረብኛም ወደ ግእዝ ተተርጕሞ «ዜና አይሁድ» በሚል ስም ሊቃውንቶቻችን ያነቡታል።

እንግዲህ ከነዚህ ሰዎች ሥራ የምናገኘው ፍሬ ነገር ምንድን ነው? ውድቀት ብቻውን ሰውን እውነተኛ አያደርገውም፤ የተሸነፈም እንዳሸነፈው ሊዋሽ ይችላል። ነገር ግን ውድቀት ሁለት ነገር ይሰጣል፤ የሌላውን ወገን ለማየት የሚያስችል ስፍራና «ለምን ሆነ?» የሚል ጥያቄ። በዚህ ለመጠቀም ራስን ከማመኻኘት መራቅ ያስፈልጋል። ያልተሳካ ሥራን ዘገባ ጽፎ ለበላዩ ማቅረብ የደረሰበት ሰው ሁሉ ይህ እንዴት ከባድ እንደ ሆነ ያውቀዋል። ምክንያቱን በአየሩ ጠባይ፥ በገንዘብ ማነስ፥ ወይም በሥራ ባልደረባ ላይ መጣል ይቀላል። እንዲህ ያለው ወረቀት ጸሐፊውን ለአንድ ቀን ያድነው ይሆናል፤ በኋላ ለሚመጣው ሠራተኛ ግን የሚያስተምረው ነገር የለም።

አቴና አምፊፖሊስን ዳግመኛ አላገኘቻትም። ጥቂት ሰዓት ዘግይቶ የደረሰው አዛዥ የጻፈው መዝገብ ግን ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በኋላ ዛሬም ይነበባል።